መርፌው ሕመምን የሚያስታግሰው እንዴት ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ያቀረብነው ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተሰናዳ)

   

የዛሬውን ርዕስ የሰጡን ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ አንድ አባት ናቸው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሰዉ ተበትኖ እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁን። እኚህ አባት ለዓመታት ወገባቸውን ሲያማቸው የኖሩ ናቸው። ሱጁድ ወርደው መነሳት ስላቃታቸው በወንበር ላይ ይሰግዱ ነበር። የደጋውን ብርድ የምታውቁ ሁሉ «ቁርጥማት ነው» ብላችሁ እንደምታልፉት እሳቸውም አልፈውት ቆዩ። በኋላ ግን ልጃቸው አዲስ አበባ ወሰዳቸውና አኩፓንክቸር የሚባለውን የቻይናዎች የመርፌ ሕክምና አስደረገላቸው። ከተወሰነ ምልልስ በኋላ ሕመሙ ቀለል አለላቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ለመስገድ በቁ።

ችግሩ የመጣው አገራቸው ሲመለሱ ነው። አንዱ ጎረቤት «መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ እንዴት ያድናል? ይህ ሲሕር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አላቸው። ሌላው ደግሞ ትምህርት የቀመሰ ነውና ፈገግ ብሎ «ኧረ አባባ፣ መርፌው ምንም አላደረገም፤ ያሻልዎት ሐሳብዎ ነው» አላቸው። እሳቸውን ይበልጥ የጎዳቸው ይኸኛው ንግግር ነበር። «ሸኽ፣ የተሻለኝ በሐሳቤ ከሆነ ያመመኝም በሐሳቤ ነበር ማለት ነው? ያን ሁሉ ዓመት ስዋሽ ነው የኖርኩት?» ሲሉ ጠየቁን።

በጨዋታችን መሃል ሌላም ነገር ሰማን። እኚህ አባት ሐኪም ያዘዘላቸውን የደም ግፊት ኪኒን «አሁንማ ድኛለሁ» ብለው ትተውታል። እንግዲህ ጉዳዩ ከጎረቤት ክርክር ያለፈ መሆኑን ያን ጊዜ ተገነዘብን። ስለሆነም በዚህ ንግግራችን ሦስት ጥያቄዎችን እናነሳለን፤ መርፌው ሕመምን የሚያስታግሰው በምን መንገድ ነው? «በሐሳብ ነው» የሚለው አባባልስ ምን ያህል እውነት አለው? ሕመም ሲቀንስ በሽታው ለቀቀ ማለት ነውን? በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕክምናው ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

የመርፌ ሕክምና ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲጠቀሙበት የኖሩት ጥበብ ነው። ከፀጉር ጥቂት ብቻ የሚወፍር ቀጭን መርፌ በተመረጡ የሰውነት ክፍሎች ላይ ይሰካል፤ ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ አንዳንዴም በእጅ ይሽከረከራል፤ ወይም መጠነኛ ኤሌክትሪክ ይላክበታል። በመርፌው ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ መድኃኒት የለም። የጥንት ቻይናውያን በሰውነት ውስጥ የሚመላለስ «ቺ» የሚሉት ኃይል አለ፣ መርፌውም መንገዱን ይከፍትለታል ብለው ያስረዱ ነበር። ይህን ገለጻ መቀበል የማንም ግዴታ አይደለም። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎችም የሚመረምሩት ነርቭንና አንጎልን ነው።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩ በሰፊው የተሰማው በ1971 ነበር። ጄምስ ሬስተን የተባለ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤይጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሆዱ እየተነፋ ሲያስጨንቀው ቻይናዊው ሐኪም በክርኑና ከጉልበቱ በታች መርፌ ሰካለት፤ ጭንቀቱም ቀለለው። ጋዜጠኛው የደረሰበትን በጋዜጣው ላይ ሲጽፍ የብዙ ሐኪሞች ጆሮ ተከፈተ።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቻይና የሕክምና ቡድኖችን ወደ ኢትዮጵያ መላክ የጀመረችው በ1974 ነው። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው፣ በ2008ቱ የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ሁለት ወርቅ ባስገኘችው አትሌት ስም የተሰየመው የጥሩነሽ ቤይጂንግ ሆስፒታልም የመርፌ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በእኛ አካባቢ የሚታወቀው ዋግምት ሌላ ነው። ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ ቆላ ድረስ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ዋግምት ቆዳን በምላጭ በጣ አድርጎ ደምን በቀንድ መምጠጥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተጠቀሙበት ሒጃማም ከዚሁ ወገን ነው። የቻይናው መርፌ ግን ደም ለማውጣት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መፍረድ ስህተት ላይ ይጥላል።

ሕመም ማለት ምንድን ነው?

አድማጮቻችን ሆይ! ሕመምን ሁላችንም እንጠላዋለን። ነገር ግን ሕመም ጠባቂ ነው። በሥጋ ደዌ ምክንያት የእጅና የእግራቸው ነርቭ የሞተባቸውን ወገኖቻችንን እናስብ። ጣቶቻቸው የሚጎዱት በአብዛኛው እሳቱና እሾሁ ስለማይሰማቸው ነው። ሕመም ባይኖር ኖሮ ቁስላችንን አናስታምም፣ ከእሳትም እጃችንን አንሰበስብም ነበር። ሱብሐነላህ!

እግራችሁን ድንጋይ ቢመታችሁ መልእክቱ በነርቭ በኩል ወደ ጀርባ አጥንታችሁ ይሄዳል። በጀርባ አጥንት ውስጥ ሕብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ አለ። መልእክቱ በእሱ በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። «አመመኝ» የምትሉት አንጎል ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ቁስሉ እግር ላይ ቢሆንም ሕመሙ የሚታወቀው አንጎል ላይ ነው።

ይሁን እንጂ መልእክቱ ሁሉ እንዲሁ አያልፍም። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሕብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር ያለ ነገር እንዳለ አስረዱ። በሩ ሲከፈት ሕመሙ ይበረታል፤ ሲገርበብ ይቀንሳል። ይህን እናቶቻችን ሳይማሩ ያውቁታል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ሲመታ እናት ምን ታደርጋለች? «አይዞህ» እያለች የተመታውን ቦታ ታሻሽለታለች። የመታሸቱ ስሜት በሌሎች ነርቮች በኩል ቀድሞ ይደርስና በሩን ገርበብ ያደርገዋል። በሩ ደግሞ ከላይም፣ ማለትም ከአንጎል በሚወርድ ትእዛዝ፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በጭንቅ ሰዓት የቆሰለ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው ጭንቁ ካለፈ በኋላ መሆኑን ብዙዎቻችን አይተናል።

አላህ በአንጎላችን ያስቀመጠው መድኃኒት

ታዲያ አንጎል በሩን የሚዘጋው በምንድን ነው? መልሱ የተገኘው ሰዎች ስለ ሌላ ነገር ሲመራመሩ ነው። ኦፒየም ከሚባለው የአበባ ወተት የሚወጣው ሞርፊን ከባድ ሕመምን እንደሚያስታግስ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። የዛሬ ሐኪሞችም ለካንሰር ሕመምተኞችና ለከባድ ቁስለኞች ያዙታል። ነገር ግን እንዴት ይሠራል?

በ1973 በአሜሪካና በስዊድን የነበሩ ተመራማሪዎች በአንጎል ሕዋሳት ላይ ሞርፊን የሚቀመጥባቸው ልዩ መቀበያዎች እንዳሉ አረጋገጡ። መቀበያውን እንደ ጓጉንቸር፣ ሞርፊኑን እንደ ቁልፍ አድርጋችሁ አስቡት። ይህ ትልቅ ጥያቄ አስነሳ። አላህ የሰውን አንጎል ሲፈጥር በሩቅ አገር ለሚበቅል አበባ ጓጉንቸር የሚያኖርበት ምክንያት ምንድን ነው? ቁልፉ በራሱ በሰውነታችን ውስጥ ቢኖር ነው እንጂ!

እንዲያም ሆነ። በ1975 በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ጆን ሂዩዝና ሐንስ ኮስተርሊትዝ ከእንስሳት አንጎል ውስጥ እንደ ሞርፊን የሚሠሩ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ለይተው አወጡ። ስማቸውንም ኤንከፋሊን አሏቸው። ብዙም ሳይቆይ የእነሱ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ተገኙ። ዛሬ በጥቅሉ ኢንዶርፊን እየተባሉ ይጠራሉ፤ ትርጉሙም በራስ ውስጥ የሚገኝ ሞርፊን ማለት ነው። አንጎላችን እነዚህን ያመነጫል። ሰውነት ሲደክም፣ ሲቆስልና ሲታወክ በመጠን ይለቃቸዋል።

መርፌውና ኢንዶርፊኑ

አሁን ወደ መርፌው እንመለስ። በቤይጂንግ ሐን ጂሼንግ የተባሉ የሕክምና መምህር ከ1965 ጀምሮ ይህን ጉዳይ ሲመረምሩ ነበር። በመጀመሪያ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ መርፌ ሰክተው ሕመም የመቋቋም አቅማቸውን ለኩ። አቅሙ በአንዴ አልጨመረም። ቀስ እያለ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከፍ አለ፤ መርፌው ከተነቀለም በኋላ ቀስ እያለ ወረደ። የነርቭ መልእክት ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ የሚያልፍ ነገር ነው። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚመጣና ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ግን የሚንጠፈጠፍ ንጥረ ነገር መኖር አለበት ብለው አሰቡ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሐሳባቸውን በጥንቸል ፈተኑት። መርፌ ከተደረገላት ጥንቸል አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ወስደው መርፌ ላልተደረገላት ሌላ ጥንቸል ሰጡ። ሁለተኛይቱም መርፌ ሳይነካት ሕመምን መቋቋም ቻለች። እንግዲህ ጥንቸል ስለ ቻይና ሕክምና የምታስበውም የምትጠብቀውም ነገር የለም!

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ይበልጥ የሚያሳምን ነው። ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ። ሥራው የሞርፊንን መቀበያ ቀድሞ መያዝ ነው። ጓጉንቸሩ ውስጥ የተሰበረ ቁልፍ እንደመክተት ማለት ነው፤ እውነተኛው ቁልፍ ቢመጣ መግቢያ ያጣል። በ1977 በአሜሪካ ዴቪድ ማየርና ባልደረቦቹ በፈቃደኞች ጥርስ ላይ በመጠኑ የሚያም ኤሌክትሪክ እየላኩ በመርፌ ሕመሙን አስታገሡ። ከዚያም ናሎክሶን ሰጧቸው። የመርፌው ማስታገሻነት ጠፋ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በካናዳ በአይጦች ላይ የተደረገው ሙከራም ይህንኑ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ መርፌው የሚሠራው ቢያንስ በከፊል በራሳችን ኢንዶርፊን በኩል መሆኑ ታወቀ።

ሐቁን ሳንሸራርፍ ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላስገኙም። በአንዳንዶቹ ናሎክሶን የመርፌውን ሥራ አላቆመም። ይህም ኢንዶርፊን ብቻውን እንዳልሆነ አመለከተ። ከእነዚህ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አንዱ ለእኛ ለቡና አገር ልጆች ትርጉም አለው። በ2010 በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአይጥ እግር ላይ መርፌ ሰክተው ሲያሽከረክሩ በቦታው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በ24 እጥፍ ጨመረ። አዴኖሲን ሕመም የሚያደርሰውን ነርቭ ጸጥ የሚያደርግ ነው። የአዴኖሲን መቀበያ የሌላቸው አይጦች ግን ከመርፌው ምንም ጥቅም አላገኙም። በቡናችን ውስጥ ያለው ካፌን እንቅልፍ የሚያባርረው የዚሁኑ የአዴኖሲን መቀመጫ በመያዝ ነው። ከዚህ ተነስተን «ቡናችሁን ተዉ» አንልም፤ ጥናቱ የተደረገው በአይጥ ላይ ነውና። ነገር ግን በየቀኑ በረከቦት ዙሪያ የምንጠጣውና የቻይናው መርፌ በሰውነታችን ውስጥ አንድ በር ላይ መገናኘታቸው የፈጣሪን ጥበብ ያሳያል።

«ሐሳብዎ ነው ያሻልዎት» ላሉት

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። ትምህርት የቀመሰው ጎረቤት የተናገረው ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። በጀርመን አገር ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ታከሙ፤ ውጤቱም በ2007 ታተመ። የመጀመሪያዎቹ ቻይናውያን በሚሉት ቦታ ላይ መርፌ ተሰካላቸው። ሁለተኛዎቹ መርፌ የተሰካላቸው ቦታው ባልሆነ ስፍራ ላይ፣ ያውም ከላይ ከላይ ነው። ሦስተኛዎቹ በተለመደው መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ከመጀመሪያዎቹ 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 44.2 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 27.4 በመቶ የሚሆኑት ተሽሏቸው ተገኙ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መርፌ የተደረገላቸው በሁለቱም መንገድ ከሌሎቹ ይበልጥ ተሽሏቸዋል። ሁለተኛ፣ በትክክለኛው ቦታና በሌላው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በ2018 የታተመ፣ የ39 ጥናቶችንና የ20,827 ሕመምተኞችን ውጤት የሰበሰበ ሥራም ወደዚሁ ያመለክታል። መርፌው ለጀርባና ለአንገት፣ ለትከሻ፣ ለጉልበት ሕመምና ለራስ ምታት ይጠቅማል፤ ትክክለኛው መርፌ ከማስመሰያው ይበልጣል፣ ብልጫው ግን መጠነኛ ነው። እንግዲህ ከጥቅሙ አብዛኛው የሚመጣው በሕክምናው ተስፋ ከማድረግ፣ ከሐኪሙ እንክብካቤ፣ ከመዳሰሱና ከማረፉ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህ ማለት ሕመሙም መሻሉም ውሸት ነው ማለት ነውን? በፍጹም አይደለም! በ1978 በካሊፎርኒያ ጥርስ በተነቀሉ ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ መልሱን ይሰጠናል። ሕመምተኞቹ መድኃኒት ነው ብለው ያሰቡት ነገር መድኃኒትነት የሌለው ነበር። ከመካከላቸው ሕመሙ ቀለል ያለላቸው ነበሩ። ከዚያም ያ ቁልፍ ዘጊው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመማቸው ተመልሶ በረታ። አስተውሉ! ያቀለለላቸው ባዶ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ናሎክሶን ምን ያደርገው ነበር? ተስፋቸውና እምነታቸው አንጎላቸው ኢንዶርፊን እንዲለቅ አድርጎት ነበር ማለት ነው። ሞርፊን እንኳ በመርፌ ሲሰጥ፣ ሕመምተኛው እያየና እያወቀ ሲሰጠው ሳያውቅ ከሚሰጠው ይበልጥ እንደሚያስታግስ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በ2009 በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰውነታቸውን ሁሉ የሚያማቸው ሃያ ሴቶችን አንጎል በልዩ መሣሪያ አነሱ። እውነተኛ መርፌ የተደረገላቸውም ማስመሰያ የተደረገላቸውም ሴቶች ሕመማቸው በተቀራራቢ መጠን ቀነሰ። በአንጎላቸው ውስጥ በሞርፊን መቀበያዎች ላይ የታየው ለውጥ ግን የተለያየ ነበር። እውነተኛው መርፌ በተደረገላቸው ላይ የመቀበያዎቹ ዝግጁነት ጨመረ፣ በሌሎቹ ላይ አልጨመረም። ስለዚህ ሁለቱም የደረሱበት ቦታ ቢቀራረብም የሄዱበት መንገድ ለየቅል ነው።

እንግዲህ ለእኚያ አባት የሰጠናቸው መልስ ይህ ነበር፦ «አባባ፣ ዋሽተው አያውቁም። ሕመምዎ እውነት ነበር፤ መሻልዎም እውነት ነው። ከመርፌውም ይምጣ ከተስፋዎ፣ ያስታገሰዎት አላህ በአንጎልዎ ያስቀመጠው ንጥረ ነገር ነው» አልናቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የታመመ ሰው የሚፈልገው የመጀመሪያ መድኃኒት መታመን እንደሆነ ያን ቀን ተማርን።

ውድ ቤተሰቦች! ከዚህ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት አለ። «ታመምኩ» የምትልን ሚስት፣ ወገቧን ይዛ የምትነሳን እናት፣ ራሷን የሚያማትን ልጅ «ታስመስላለች» አንበላት። በዲናችን ሕመምተኛን መጠየቅ የወንድም ሐቅ ነው። ታማሚውን ስንጠይቀው፣ እጁን ስንይዘው፣ ተስፋ ስንሰጠውና ዱዓ ስናደርግለት በነፍሱም በአካሉም ላይ ትርጉም ያለው ነገር እያደረግን ነው። ተስፋ መስጠት ግን መዋሸት አይደለም። ሐኪምም ሆነ ባህላዊ አዋቂ የማያድነውን «አድናለሁ» ብሎ የሰው ገንዘብ ቢበላ ማታለል ነውና ሐራም ነው።

ሲሕር ነው ላሉትስ?

ሲሕር ማለት ስውር በሆነ መንገድ፣ ከሰይጣናት እርዳታ በመፈለግ፣ በድግምትና በቋጠሮ የሚሠራ ነው። መርፌው ግን ከላይ እንደተናገርነው በነርቭ፣ በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል በኩል የሚሠራ፣ የሚለካና የሚፈተን ሰበብ ነው። የአንድ ነገር ሰበብነቱ በልምድና በምርመራ ከታወቀ፣ ሐራም ነገርም ካልተቀላቀለበት በእሱ መታከም ይፈቀዳል። የተገኘበት አገር ሕዝብ ሃይማኖት ሕክምናውን አይከለክለውም። መርፌ የሚሰካው ሰው ግን መናፍስትን የሚጠራ፣ ክታብ የሚያስር፣ ጥንቆላ የሚቀላቅል ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነውና ከእሱ እንራቅ። በረመዷን ቀን ስለሚደረገው ለጠየቃችሁን ደግሞ፣ ምግብም መጠጥም ወደ ሆድ የማያስገባ ባዶ መርፌ ጾምን እንደማያበላሽ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ገልጸዋል። እስከ ማታ መቆየት የሚችል ሰው ቢያቆየው ለልቡ ዕረፍት ይሆነዋል።

ሕመም ሲታገሥ በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና አል-ቃኑን በተባለው መጽሐፉ ሕመምን በ15 ዓይነት ከፍሎ ዘርዝሯል። ስለ ማስታገሻ ሲናገርም የሕመሙን ምንጭ የሚያስወግደውን ስሜትን ብቻ ከሚያደነዝዘው ለይቶ አስቀምጧል። ይህ ልዩነት ዛሬም ጸንቶ ይኖራል። ኢንዶርፊን በሩን ይገረብባል እንጂ እሳቱን አያጠፋም። በር ሲዘጋ ጭሱ አይታይም፤ ቤቱ ግን እየነደደ ሊሆን ይችላል።

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ስለዚህ ወገብ ተሻለ ማለት ግፊት ወረደ ማለት አይደለም። ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ የአንጎል ደም ሥር እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የሌሎች ሕመሞች መድኃኒትም እንዲሁ ነው። መርፌው የሐኪም መድኃኒት ረዳት እንጂ ተተኪ አይሆንም።

የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከታች የምንጠቅሳቸው ምልክቶች ከታዩበት ወደ መርፌም ወደ ዋግምትም ሳይሄድ አስቀድሞ ሆስፒታል ይሂድ። እግሩ ከሰነፈ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንትና ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለው፣ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ሕመሙ ሌሊት እያየለ እንቅልፍ ከነሳው፣ ወይም ወድቆ ከተመታ በኋላ የጀመረው ከሆነ አይዘግይ። የሳንባ ነቀርሳ የጀርባ አጥንትን ሊይዝ እንደሚችል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት እንደሚድን ብዙ ሰው አያውቅም። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰውም «ብርድ ነው» ተብሎ አይታሸት።

ስለ ንጽሕናም እንናገር። መርፌው ከታሸገበት ፊታችሁ የሚከፈት፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ይሁን። ዋግምት የምታስደርጉም ምላጩ አዲስ መሆኑን፣ ቀንዱም የሌላ ሰው ደም ያልነካው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀመጡ። በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው ቢበጣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። «አንድ መንደር ነን፣ እንተዋወቃለን» ማለት ከበሽታ አያድንም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ሁኔታቸውን አስቀድመው ይንገሩ። መርፌ በደረት አካባቢ በማያውቅ ሰው እጅ ቢሰካ ሳንባን ሊወጋ ስለሚችል ሙያተኛውን ማወቅ ግድ ነው።

እኛ የደጋ ሰዎች ደግሞ መድኃኒት ከሩቅ ብቻ የሚመጣ አይምሰለን። በ2013 የታተመ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ ሕዝቡ ለሰው ሕመም የሚጠቀምባቸውን 135 ዓይነት ዕፅዋት መዝግቧል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ለቻይናው መርፌ እንደተደረገው ሁሉ የእኛም መድኃኒቶች መመርመር፣ መመዘንና መፈተን አለባቸው። የሚጠቅመው ከሚጎዳው የሚለየው በዚህ ነው።

መደምደሚያ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦች ስለ መታከም ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ ነግረዋቸዋል፤ አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ከእነዚያ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በቅጠል ውስጥ፣ አንዳንዶቹ በፋብሪካ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በገዛ አንጎላችን ውስጥ ናቸው። መርፌው ሰበብ ነው፤ ኢንዶርፊኑም ሰበብ ነው፤ ሽፋው ከአላህ ነው። ሰበብን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ያ አባት ከእኛ ከተለዩ በኋላ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ጤና ተቋም ወስዶ ግፊታቸውን አስለካላቸው። ከፍ ብሎ ተገኘና ኪኒናቸውን እንደገና ጀመሩ። ለወገባቸው የመርፌውን ክትትል አልተዉም። ባለፈው ስናገኛቸው የፊተኛው ሰፍ ላይ ቆመው ነበር። ጎረቤታቸውን ምን እንዳሉት ጠየቅናቸው። «‹ሐሳብህ ነው› ላለኝ፣ ‹ሐሳብም የአላህ ፍጥረት ነው› አልኩት» ብለው ሳቁ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፣ ሐኪሞቻችንን ያበርታልን፣ ዕውቀታችንን የሚጠቅም ያድርግልን። ኣሚን።